ሁለት ታፔት ከሞጣ

ሰኔ 26

ዶቅዶቄዋ ዛሬ ዳገት ላይ ጣለችኝ። ሰሞኑን ከሞተሩ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበር። «ይለቃታል» እያልኩ ስነዳት ከረምኩ። በሬ ታሞበት እንዲህ ዝም ያለ ገበሬ ቢያጋጥመኝ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ብዬ እቆጣው ነበር። ዛሬ ድምፁ የመዶሻ ሆነ፣ ጉልበቷ ጠፋ፣ ቆመች። የክትባት ሣጥኑን ከኋላዋ እንዳሰርኩ እስከ ቢቸና እየገፋሁ ገባሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች «ዶክተር ቢያዝን፣ እሷንስ ማን ይክተባት?» እያሉ አለፉ። ዶክተር አይደለሁም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ለማን ይነገራል።

ሰኔ 28

ቀለሙ ጋራዥ ዋልኩ። ከቀለሙ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው፤ በኋላ እሱ ወደ ብረት፣ እኔ ወደ ከብት ሄድን። ሞተሩን ፈታታው። ፒስተኑ ደህና ነው። ቫልቮቹም ደህና ናቸው። የተጎዱት ታፔቶቹ ናቸው፤ የሁለቱም ፊት ተልጧል። ካሙንም ቧጥጠውታል።

«ካም አለልህ፤ አዲስ፣ ከነግሪሱ» አለኝ ቀለሙ። «ታፔት ግን የለኝም። አሮጌዎቹን በአዲሱ ካም ላይ ብታስቀምጥ በሳምንት ይበሉታል። ሞጣ ሂድ። ወይንእሸት የምትባል ሴት መለዋወጫ ቤት አላት። እሷ ጋ ከሌለ የትም የለም።»

ማታ እትዬ ሀብትነሽ «ታፔት ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። የአንድ እጄን ጡጫ ካም አደረግኩት፣ የሌላውን አንድ ጣት ታፔት። ካሙ ሲዞር ታፔቱን ያነሣዋል፣ ታፔቱ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይከፍታል። ሞተሩ የሚተነፍሰው እንዲህ ነው።

«እኔን የሚያህል ሰው ከኋላህ አስቀምጠህ የምትበረው በዚች በጣትህ ነው?» አለች። «ድሮ ባውቅ በእግሬ እሄድ ነበር።»

ሐምሌ 3

ሞጣ ደርሼ መጣሁ።

ሱቁ ከመናኸሪያው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በሩ ላይ የጎማ ክምር፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ካቴና፣ ውስጡ የዘይትና የካርቶን ሽታ። ባለቤቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትሠራው አሉ። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ብሎን በየመጠኑ እየለየች ነበር።

«ታፔት ይኖርዎታል?» አልኳት።

ቀና አላለችም። «ከየት ነው የመጡት?»

«ከቢቸና።»

«ሰላምታውን እዚያው ረስተውት ነው?»

አፍሬ እንደ አዲስ ከደህና ዋሉ ጀመርኩ። ያን ጊዜ መነጽሯን አውርዳ አየችኝ። የሞተሩን ዓይነትና የሥሪቱን ዘመን ጠየቀችኝና ሁለት ታፔት በወረቀት ጠቅልላ አወጣች። ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥሜ በጣቶቼ ያዝኳቸውና ወደ ብርሃኑ አነሣሁ። የታፔት ፊት ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም በጣም ትንሽ ጎበጥ ማለት አለበት፤ ሁለቱ ሲገጠሙ ወዲህና ወዲያ ሊወዛወዙ ይገባል። እነዚህ ግን እንደ ተጣበቁ ቀጥ አሉ።

«እነዚህ አይሆኑም» አልኳት። «ፊታቸው ልሙጥ ነው። ካሙ አያዞራቸውም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይበላሉ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን ሰጡኝ?»

«የሚያውቅ ሰው መሆንዎን ልይ ብዬ ነው። ላላወቀ ሰው ጥሩውን መስጠት ዕቃ ማባከን ነው።»

በአውቶቡሱ ውስጥ እስከ ቢቸና ብቻዬን ፈገግ ስል መጣሁ። ሌላ ዕቃ በሳምንቱ ይገባል ብላኛለች። ፈተና ማለፍ በዚህ ዕድሜም ደስ ይላል።

ሐምሌ 5

ዝናብ። ቢሮ ገባሁ። ኃላፊያችን የመስከረሙ የክትባት ዘመቻ ሳይጀመር ዶቅዶቄዋ እንድትደርስ አጥብቆ ነገረኝ። በእግር የሚደረስባቸው ቀበሌዎች አይደሉም። ትደርሳለች አልኩት።

ሐምሌ 11

ሞጣ። ሁለተኛው ዕቃ። ፊታቸው ጎበጥ ያለ ነው፣ ጥሩ ነው። ሁለታችንም አንዳንዱን ይዘን ገጠምናቸው፤ የእኔን በእሷ ላይ አወዛወዝኩት። መነጽሯ ወርዶ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር።

«አሁንስ?» አለች።

የታፔቱን እግር በመለኪያ ለካሁት። ሞተሩ ውስጥ ከሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ የሚቀጥን መሰለኝ። በጣም ትንሽ። ፀጉር የሚያህል አይሆንም። ግን ሰው ሞተር የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ በይሆናል የሚደረግ ነገር አይደለም። መለስኩላት። አልተቀየመችም። «ጠንቃቃ ነዎት» አለችና ሣጥኑን ወደ መደርደሪያው መለሰች።

ሴት ልጇ ምሥራቅ በር ላይ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ወሯ ገብቷል። ባሏ ደብረ ኤልያስ አስተማሪ ነው፤ ለመውለድ እናቷ ዘንድ መጥታ ነው። ስወጣ «እማዬ፣ የዶክተሩ ዶቅዶቄ ስንት ታፔት ነው ያላት?» ስትል ሰማሁ።

«ሁለት» አለች ወይንእሸት።

«ሁለት ለመምረጥ ነው ይኼ ሁሉ?»

መልሱን አልሰማሁም። ተሳስቀዋል።

ሐምሌ 12

ቀለሙ መለኪያውን ተቀብሎ የድሮዎቹን ታፔቶች ለካ። «ይኼው፣ አንተ ቀጠነ ያልከው ልክ ይኼን ያህል ነው» አለኝ። «በደንብ ይገባ ነበር።»

በድሮው መለካት ትክክል አይደለም፤ የድሮው ተበልቷል። ነገርኩት።

«እግሩ አይደለም የተበላው፣ ፊቱ ነው» አለ። ቀጥሎ ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «ለታፔት ሰው ጢሙን ይላጫል?»

ዝናብ ስለነበር ነው ጃኬቱን የለበስኩት። ጢሜን የምላጨው ደግሞ ሁልጊዜ ነው። ሁልጊዜ ማለት፣ ሲያድግ።

ሐምሌ 22

ሦስተኛ ጉዞ። በአውቶቡስ ደብረ ወርቅ ላይ ጭቃ ያዘን፤ ወርደን ገፋን። ሞጣ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ። ወይንእሸት አየችኝና ውኃ በጆግ ይዛ ወጣች። እግሬን በር ላይ አስታጠበችኝ። ራሷ ነው ያፈሰሰችልኝ። «ልጅ ብልክ ጭቃውን ወደ ሱቄ ያስገባብኛል» አለች፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ያቀረበችልኝ ታፔት ከወደቀ ሞተር ላይ የተፈታ፣ ግን ብርቱ ነው። በሞረድ ጫፉን ነካሁት፤ ሞረዱ ተንሸራተተ፣ አልያዘውም። ጠንካራ ብረት ነው። ጉብታውም አለ።

አገላብጬ አየሁት። እሷ እኔን አየች።

«የሌላ ካም ፊት ለምዷል» አልኩ በመጨረሻ። «ከአንዱ ጋር የኖረ ታፔት ከሌላ ካም ጋር…»

«አይስማማም ነው የሚሉኝ?»

«ይባላል።»

«እንዳያያዙ ነው እንጂ» አለች። «ካሙ አዲስ ከሆነ፣ ዘይቱ ካልጎደለ፣ መጀመሪያ ላይ ካላጣደፉት፣ የማይስማማበት ምክንያት የለም። እኔ ሲስማማ አይቻለሁ።»

ይህን ስትል ብሎን መለየቷን አላቋረጠችም።

ምሳ አበላችኝ። ስለ ባሏ አወራችልኝ፤ ዕቃ ለማያውቅ ሰው መሸጥ ደስ ይለው እንደነበር፣ በዚህ ሁልጊዜ እንደሚጣሉ። እኔም የማላወራውን አወራሁ። አውቶቡስ አመለጠኝ። በሚኒባስ እየተገፋሁ ማታ ገባሁ። ታፔቱን አልገዛሁም። ያለ ጥርጥር አዲስ ይሻላል።

ሐምሌ 29

እትዬ ሀብትነሽ ዛሬ ከጎረቤት ጋር ስታወራ በአጥሩ በኩል ሰማኋት። «ወንድሜ ብረት ታሞበት ሞጣ ይመላለሳል» አለች። ጎረቤቷ «ይማርለት» አለቻት። ሁለቱም እስኪያስለቅሳቸው ሳቁ።

ጎረምሳ ነኝ እንዴ? ብረት ነው የምገዛው።

ነሐሴ 3

ስልክ! ምሥራቅ ወንድ ልጅ ወለደች። ወይንእሸት ናት የደወለችልኝ፣ ገና ሲነጋ። «እንኳን ማርያም ማረቻት» ስላት ድምፄ ተሰበረ፤ ጉንፋን ይዞኛል። እንግዲህ ለምን ለእኔ ደወለች? ለደንበኞቿ ሁሉ ደውላ ይሆናል።

ቀኑን ሙሉ ክንፍ እንዳለው ሰው ዋልኩ። ያልታመመውን ጥጃ ሁሉ ደረቱን አዳመጥኩ።

ነሐሴ 10

ጾም። መንገዱ ሰሞኑን ዝግ ነው ተብሏል፤ መኪና የለም። ቀለሙ የፈታውን ሞተር በጆንያ ሸፍኖታል። ሳልፍ «ሬሳው ይጠብቅሃል» ይለኛል።

መንገድ መቼ ይከፈታል?

ነሐሴ 18

ሁሉንም በሥርዓቱ ልጽፈው እሞክራለሁ።

መንገድ ተከፈተ። ቅቤ ይዤ ሄድኩ፤ አራስ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ሕፃኑን አሳዩኝ። ቀይ ነው፣ ተቆጪ ነው፣ ጡጫው ጠንካራ ነው። ከዚያ ወይንእሸት ወደ ሱቁ ይዛኝ ወጣች። መደርደሪያው ሥር ብሎን የሚለይበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር አይቻት አላውቅም ነበር።

«አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር» አለች።

«ይዘዙኝ» አልኩ።

«ለዚህ ልጅ ክርስትና አባት ይሁኑልን። ከቤታችን ጋር እንዲህ ከተላመዱ ዘንዳ። መስከረም ሰባት አርባ ቀኑ ነው።»

አፌ «በደስታ!» አለ። እኔ አይደለሁም፤ አፌ ነው። እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥህ ከ«በደስታ» ሌላ ምን ይባላል? ሌላ መልስ አልተማርኩም። አባቴም አላስተማረኝም። «ክብሩ ለእኔ ነው» ብዬ ጨመርኩበት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ጣሪያውን የሚመታው ዝናብ ይሰማ ነበር። «እግዜር ይስጥልን» አለች ወይንእሸት፤ ተነሥታ መነጽሯን አደረገች። ከጠረጴዛው ሥር፣ ቁልፍ ካለው ሣጥን ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ካርቶን አወጣች። ፈታችው። ሁለት ታፔት። ኦሪጅናል። ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ከነዘይት ወረቀቱ። ገጥሜ ወደ ብርሃኑ አነሣኋቸው፤ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ልክ እንደሚገባው ተወዛወዙ። ለካሁ። ልክ ነው። ሞረዱ ተንሸራተተ። የምተችበት ምንም፣ ምንም የለም።

«መቼ ገባልዎት?»

«ባለቤቴ ያስቀመጣቸው ናቸው» አለች። «ከድሮም ነበሩ። ይውሰዷቸው። እንግዲህ ዘመድ ሆነናል፤ በዕቃ አናመላልስዎትም።»

እንግዲህ በመጨረሻ አገኘሁ! ኦሪጅናል ታፔት በዚህ ጊዜ ቢቸና ቀርቶ ባሕር ዳርም አይገኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል። ሻጭ ሁሉ የተደበቀ ዕቃ ይኖረዋል፤ ከመጀመሪያው ለምን አላሳየችኝም ብዬ አልቀየምም።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ምን እንዳየሁ አላስታውስም።

ነሐሴ 19

ለእትዬ ሀብትነሽ ነገርኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰያውን አወጣችው።

«ምን አልካት?»

«በደስታ አልኩ።»

«አንተ ልጅ፣ አበልጅ ልትሆናት?»

«ከልጇ ጋር እንጂ ከእሷ ጋር አይደለም።»

«ከነቤቷ ነው እንጂ! የልጅ ልጇን ከጥምቀቱ ተቀብለህ፣ በማግስቱ ሽማግሌ ልትልክባት ነው? ቄሱ ቢፈቅድ እንኳ ሰው ይፈቅዳል? ከዚያች ቀን በኋላ እህትህ ናት። እንደ እኔ!»

«ስለ ሽማግሌ ማን አነሣ?» አልኳት። «ታፔት ነው የገዛሁት።»

«እኮ! ታፔትህን ያዝ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሽሮው አረረ። እንዳረረ በላነው።

ነሐሴ 24

ቀለሙ ታፔቶቹን አይቶ አፏጨ። «ይኼን ከመጀመሪያው ነበራት?»

«ነበራት።»

«አንተስ ያኛውን፣ እግሩ ቀጠነ ያልከውን፣ መግዛት ትችል ነበር?»

ታፔቶቹን ወደ ወረቀታቸው መለስኩ።

«ሁለታችሁም በሽተኞች ናችሁ» አለ። «ዛሬ እንገጥመው?»

ነገ አልኩት። ዛሬ ስብሰባ አለብኝ። የለብኝም። ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም።

ጳጉሜን 2

አልተገጠመም። ዝናብ።

ጳጉሜን 4

ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለሕፃኑ ማተብ ገዛሁ፤ ክርስትና አባት የሚያመጣው ነው። ነጭ ጨርቅም ገዛሁ። ጠረጴዛው ላይ ታፔቶቹና ማተቡ ጎን ለጎን ናቸው። እትዬ ሀብትነሽ አየቻቸው። ምንም አላለችም፤ እሷ ምንም ካላለች ነገሩ ከባድ ነው።

ፈራጁ ራሴ ብሆን ለማን እፈርዳለሁ? እምቢ ብዬ ቃሌን ብመልስ ውርደት ነው፤ ያከበሩኝን ቤት መናቅ ነው። ምክንያቱን ካልተናገርኩ ስድብ ነው። ምክንያቱን ከተናገርኩ ደግሞ፣ ምክንያቱ ምንድን ነው?

መስከረም 2

እንቁጣጣሽ አለፈ። ወይንእሸት አልደወለችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትደውል ነበር። እኔም አልደወልኩም። ስልኩን ይዤ ዞርኩ።

መስከረም 5

ተገጠመ።

ቀለሙ ካሙን በወፍራም ዘይት ቀባው፤ እኔ ታፔቶቹን ቀባሁ። ሲገቡ ድምፅ አልሰጡም፤ በራሳቸው ክብደት ቀስ ብለው ወረዱ። ቀለሙና እኔ ተያየን። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመንህ ጥቂት ጊዜ ነው የምታየው። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አሠርን፣ ቫልቮቹን አስተካከልን። ሊያስነሣት ሲል ያዝኩት።

«ነገ ጠዋት» አልኩት።

«አዲስ ታፔትና አዲስ ካም ሲነሣ ቆሞ ፑፍ ፑፍ አይባልም» አለኝ። «ዘይት ላያቸው ላይ የሚረጨው ሞተሩ ሲሮጥ ነው። ካስነሣሃት ወዲያው መንዳት አለብህ፤ ሳታቆም። ስለዚህ ሳታስነሣት ወዴት እንደምትሄድ እወቅ።»

መስከረም 6

ከጠዋት ጋራዥ ነበርኩ። ማተቡና ነጩ ጨርቅ ደረት ኪሴ ውስጥ ናቸው። ቀለሙ በመጀመሪያው እርግጫ አስነሣት። ቀጭ የለ፣ መዶሻ የለ። አንድ ወጥ ድምፅ። ጮህኩ። ቀለሙም ጮኸ። የጎረቤቱ ጎሚስታ ሰው የተጎዳ መስሎት ሮጦ መጣ።

«ሂድ! አታቁም!» አለኝ።

ሄድኩ። ወደ ቀበሌዎቹ የሚታጠፈው ጋ ስደርስ አልታጠፍኩም። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፤ ብርዱ ጉንጬን ይቆርጠዋል፤ ከሥሬ ሞተሩ ይተነፍሳል። ምን እንደምላት ቃል በቃል አዘጋጀሁ። ደብረ ወርቅን ሳልፍ ንግግሩ ተሟልቶ ነበር፤ መግቢያም መደምደሚያም ነበረው። ሞጣ ስገባ ጠፋብኝ።

ግቢያቸው በሴቶች ተሞልቷል። ለነገው ጠላ እየተጠለለ ነው። ወይንእሸት እጅጌዋን ሰብስባ ጋኑን ይዛለች። ሞተሩን ሳላጠፋ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዶክተር፣ ነገ አልነበር?» አለች።

«ነገ አይሆንም።»

«ምኑ?»

«ክርስትና አባት መሆኔ።»

ሴቶቹ ማጥለያውን እንደያዙ ቆሙ።

«ታመሙ?»

«አልታመምኩም።»

«ከቤታችን ክፉ ነገር አዩ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እንግዲያው ምን ሆኑ? ነገ ሕፃኑ ሊጠመቅ ዛሬ እንዲህ የሚባለው ያለ ምክንያት ነው?»

«አበልጅ እንሆናለን» አልኳት።

«አዎ፣ እንሆናለን። እና?»

«እና አልፈልግም።»

«ምኑን?»

«አበልጅ መሆኑን። ከአንቺ ጋር።»

ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማው። ወይንእሸት እጇን በመቀነቷ ጠረገች፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። ከንፈሯ ዳር አንድ ነገር ይታገል ነበር።

«ጮክ ብለህ ተናገር» አለች። «ምሥራቅ ጓዳ ናት፤ አልሰማችም።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ምሥራቅ ከውስጥ።

ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለሕፃኑ ይሆናል። ወይንእሸት መጥታ የሞተሩን ቁልፍ በእጇ አጠፋችው። ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አዘንብላ ትንሽ ቆየች።

«ታፔቱ ጥሩ ነው» አለች። «ግባ፣ በርዶሃል።»

መስከረም 7

ሕፃኑ ተጠመቀ። ስሙ ገብረ ሚካኤል ተባለ። ክርስትና አባቱ የምሥራቅ ባል ጓደኛ፣ ሽታሁን የሚባል አስተማሪ ነው። እንዴት በአንድ ሌሊት ሰው እንዳገኙ ገርሞኛል። ነጭ ለብሶ፣ የራሱን ማተብና ጨርቅ ይዞ፣ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ከደብረ ኤልያስ እስከዚህ መንገዱ ቅርብ አይደለም።

«መቼ ነገሩህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሐምሌ ላይ፣ ልጁ ሳይወለድ» አለኝ።

ሳይሳሳት አይቀርም።

የእኔ ማተብ ተረፈ። ወይንእሸት ተቀብላ ታፔቶቹ ከነበሩበት፣ ቁልፍ ካለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» አለች።

መስከረም 8

ማታ ተመለስኩ። እትዬ ሀብትነሽ በር ላይ ነበረች። ፊቴን አየችኝ። «ክርስትና አነሣህ?» አለች። «አላነሣሁም» አልኳት። አንገቴን አቅፋ ስማኝ፣ ቀጥላ ትከሻዬን በጡጫ መታችኝ፤ ያማል።

መስከረም 14

ዘመቻ። ከጎሕ እስከ ማታ ከብት። ዶቅዶቄዋ ዳገት አታውቅም። ገበሬዎቹ «ዳነች?» ይሉኛል። ዳነች።

መስከረም 19

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ሄዱ። ቀለሙ፣ ጎረቤታችን መሪጌታ ሣህለ ማርያም፣ የቢሮ ኃላፊዬ። ቀለሙን ያለ ዘይታም ልብሱ ሳየው አላወቅኩትም። ከኋላቸው ልከተል ብዬ ነበር፤ መሪጌታ «ተቀመጥ! ራስህ ልትለምን ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። የመጀመሪያው ዘይት መቀየር ነበረበት፤ በዘመቻው ዘገየሁ። አወጣሁት። አዲስ ታፔት ከካሙ ጋር ካልተስማማ በዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ይታያል፤ እንደ ብር ያብለጨልጫል። በነጭ ሳህን ላይ አፈሰስኩት (የእትዬ ሀብትነሽ ሳህን ነው፣ አላየችኝም)። ወደ ፀሐይ አዘነበልኩት። በጣቴ አሸሁት። ምንም የለም። ጥቁር፣ ንጹሕ ዘይት።

ቀኑ አልመሽ አለ። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ ተመለስኩ። በመጨረሻ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ስሰማ እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ።

ሦስቱም ወረዱ። የሦስቱም ፊት ምንም አይነበብበትም።

«ወንድሟ ነው የተቀበለን» አሉ መሪጌታ። «ቀጠሮ ሰጥተውናል፤ ለጥቅምት። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤት የለም፤ መልካም ነው።»

«እሷስ?» አልኩ።

«እሷ አትጠየቅም። ሥርዓት ነው።»

ኃላፊዬና መሪጌታ ቀድመው ሄዱ። ቀለሙ ወደ ኋላ ቀረና ክንዴን ያዘኝ።

«ስንወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ» አለ። «‹ታፔቱ እንዴት ነው?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ጸጥ ብሏል፣ ድምፁም አይሰማም አልኳት።»

«እና?»

«‹ጸጥ ማለቱ አያስተማምንም› አለች። ‹ያምጣትና ትታይ።›»

ነገ ከጠዋት እሄዳለሁ። ዘይቱ ንጹሕ መሆኑን ለቀለሙ አልነገርኩትም።